ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ሐኪም መሆን ይቻላልን?

«የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ በሕክምና ትምህርት ምን ዶለው?» የሚሉን ወንድሞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ነገ ታመን የምንተኛው እኛው ነን፤ ከትናንት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን እጅ የምንወድቀውም እኛው ነን።

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው የኢጣልያን ወራሪ ከተዋጋው የአርበኞች ማኅበር ነው። የሕክምና ተማሪዎች ከመጽሐፍ ወጥተው ከሕመምተኛ አልጋ የሚደርሱት በዚህ ነው። የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት፣ የማኅፀንና ጽንስ ክፍሎችን በየተራ ይዞራሉ፤ እንደ ዓይንና ቆዳ ያሉትንም ባጭር ባጭሩ ይቀምሳሉ። ይህን ዙር «አታችመንት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ኢንተርን ተብለው አንድ ዓመት ያገለግላሉ።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ባንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ሲቆም፣ ከፊት ያለው ሕመምተኛውን ያያል፤ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ጀርባ ያያል። አስተማሪው ይጠይቃል፤ አንደበተ ርቱዑ ይመልሳል፤ ዙሩ ያልፋል። ተማሪውም ፈተናውን እያሰበ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሮጣል።

ኢንተርን በሆነ በመጀመሪያው ሌሊት ግን ጥያቄው ሌላ ነው። የምትደማ ወላድ መጥታለች። ደም ሥር መፈለግ፣ ደም ማስመጣት፣ የበላይ ሐኪም መጥራት፣ ለባሏ መንገር፤ የቱ ይቀድማል? ይህን በዙሩ ጊዜ አንድም ቀን በእጁ ያልሠራ ሰው በዚያች ሰዓት ይማራል ማለት፣ በወላዲቱ ሕይወት ላይ ይማራል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመሙ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በጉራግኛ ነው። ከገጠር የመጣች እናት «ልቤን ያመኛል» ስትል ጨጓራዋን ማለቷ ሊሆን ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ነገር ግን ባሥር ወጣት ፊት ገላው ተገልጦ፣ በማያውቀው ቋንቋ ሲወራበት፣ በሽታውን የማይደብቅ ማን ነው?

በሥራ መማር ላገራችን እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ባንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ አሠልጥኗል። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የኛን ፋኩልቲ ተማሪዎች ሳይቀር ላንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር።

ስለዚህ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪው ከእያንዳንዱ ክፍል ከመውጣቱ በፊት መሥራት ያለበት ሥራ በዝርዝር ይታወቅ፤ አስተማሪው እያየው በእጁ ሳይሠራ አይለፍ፤ መዝገቡም ለፊርማ ሳይሆን ለሥራ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ይነስ፤ ጥቂቶቹ ወደ ሌሎች የከተማው ሆስፒታሎችና ወደ ጤና ጣቢያዎች ይከፈሉ። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛን ማነጋገር እንደ ልብ ማዳመጫው ሁሉ ትምህርት ይሁን። በዚህ የቋንቋ ተማሪዎች የምንረዳው ነገር አለ፤ ብንጠራ እንመጣለን።

«አስተማሪ የለም፤ ጊዜም የለም» እንባላለን። እውነት ነው፤ አስተማሪዎቹ ራሳቸው በሕመምተኛ ብዛት ተይዘዋል። ነገር ግን በዙሩ ጊዜ የተቆጠበችው አንዲት ሰዓት በኢንተርንነቱ ሌሊት ከነወለዷ ትጠየቃለች፤ ከፋይዋም ወላዲቱ ናት።

የሕክምና ጓደኞቻችን ሆይ! ይህን የምንጽፈው ልንነቅፋችሁ አይደለም። ከአልጋው ግርጌ ወደ ራስጌው እንድትቀርቡ ጠይቁ፤ የተማሪዎች ማኅበራችንም ጥያቄውን የራሱ አድርጎ ይያዘው። አልጋው ላይ የተኛው ወገናችን ነውና።