ውኃ ከመተኛቱ በፊት

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ ሥራ አመራር ነው። ጉዳዩ የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእህል መጋዘን የሚያስተዳድር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመራ፣ ሱቅ ከፍቶ ሁለት ልጆች የቀጠረ ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ነው።

የእነዋሪን ማሳ ያየ የምንለውን ቶሎ ይረዳዋል። የሞረትና ጅሩ መሬት ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ውኃው እስኪተኛ አይጠብቅም። ቤተሰቡን ይዞ ሰፊ መደብና ቦይ በእጁ እየሠራ ውኃውን ሲያጠነፍፍ ኖሯል። የኢልካ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ የሠሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገበሬው ቦዩን የሚያወጣው ሰብሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ ቢሆን ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር።

ንግድም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲታወጅ ብዙዎች «ዱብ ዕዳ ወረደብን» አሉ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነገር ግን ዱብ ዕዳ ነበርን? ከዚያ በፊት በጥቁር ገበያ ዶላር ከባንኩ ዋጋ እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር። በታኅሣሥ 2016 አገራችን የውጭ ቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀርታለች። ነገሩም አዲስ አልነበረም፤ በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጥቷል፤ በጥቅምት 2010 ደግሞ የብር ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ብሏል። ቀኑን ማንም ባያውቅ ደመናው ግን ይታይ ነበር። ማዳበሪያው፣ ቆርቆሮውና የመኪና መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣለት የእነዋሪ ሰው ደግሞ ዶላርን በዓይኑ ባያይም ዋጋውን ይከፍላል።

ታዲያ ምልክቱ ከወዴት ይታያል? አንደኛ፣ ከአቅራቢው ነው። በዱቤ ይሰጥ የነበረው «በእጅ ክፈል» ካለ፣ ለወር ያጸናው የነበረውን ዋጋ «ለዛሬ ብቻ ነው» ካለ፣ ነገር አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከደንበኛው ነው። በኩንታል ይገዛ የነበረው በኪሎ ሲገዛ፣ የቆየ ደንበኛ ሳይጣላ ድምፁን አጥፍቶ ሲቀር ልብ በሉ። ሦስተኛ፣ ከራሳችን ሠራተኞች ነው። ሚዛን የሚይዘው፣ ጆንያ የሚሸከመውና መኪና የሚነዳው ከሥራ አስኪያጁ ቀድመው ይሰማሉ። «ሥራ ቀዝቅዟል» ያለውን ልጅ የሚገሥጽ አለቃ ዓይኑን በገዛ እጁ ያጠፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይነግረውም።

ምክራችን ቀላል ነው። አንድ ደብተር ይገዛ። በየሳምንቱ ሠራተኞቹ ተቀምጠው «ባለፈው ሳምንት ያልነበረ፣ በዚህ ሳምንት ያያችሁት ምንድን ነው?» ተብለው ይጠየቁ፤ መልሱ ከነቀኑ ይጻፍ። አንድ ምልክት ብቻውን አያስደነግጥ። ከአቅራቢም፣ ከደንበኛም፣ ከሠራተኛም አንድ ዓይነት ወሬ ሲመጣ ግን ቆም ብሎ መምከር ይገባል።

ወቅትንና ለውጥን መለየትም ያሻል። የጅሩ ሰንጋ አደላቢ በዐቢይ ጾም የሥጋ ገበያ ቢቀዘቅዝ አይደናገጥም፤ ተመልሶ እንደሚሞቅ ያውቃል። ዒድ አል አድሓ ግን በየዓመቱ ወደፊት ይመጣል፤ በ2016 ሰኔ 9 የዋለው በ2017 ግንቦት 29 ዋለ። የአምናን ቀን ይዞ በሬውን ያሰረ ሰው ሰንጋው ሳይሰባ በዓሉ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ምልክትን ቀድሞ ያየ ሰው በእጁ ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ ምን ይሠራበታል? ዘይቱንና ስኳሩን ደብቆ የጎረቤቱን ችግር ይጠብቅበታልን? ይህ ኢሕቲካር ነው፤ ሐራምነቱንም እናውቃለን። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ሰባቱን የድርቅ ዓመታት አስቀድመው ያወቁት ሕዝቡን ለማስራብ አልነበረም፤ እህሉን በዛላው አስቀምጠው አበሉበት። እኛም ጊዜው ሲገኝ ዕዳችንን እንቀንስ፣ በሰው እጅ ያለ ገንዘባችንን እንሰብስብ፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚሆን ለብቻ እናስቀምጥ፣ ለደንበኛችንም እውነቱን እንንገር። ሰው ክፉ ቀን ሲያልፍ የሚመለሰው ወዳልዋሸው ሱቅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አስተዋይ ልብና ሐላል ሲሳይ ይስጠን። ለመጪው ወር ያገናኘን።

ወሰላሙ ዓለይኩም።