ርካሹ መሣሪያ በውድ ዋጋ እንዳይደርስ

በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የአንድ ዕቃ ዋጋ በፋብሪካው በርና በሱቁ መደርደሪያ ላይ አንድ አይደለም። በመካከሉ የመርከብ ኪራይ፣ የመድን፣ የጉምሩክ፣ የመጋዘንና የትርፍ ሒሳብ ይገባበታል። ሒሳቡ በጨርቅ ወይም በጎማ ላይ ሲከብድ የሚጎዳው ኪስ ነው፤ በሕክምና መሣሪያ ላይ ሲከብድ ግን የሚጎዳው ሕይወት ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን የማሕፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ በርካሽ ለመመርመር ተማሪዎች የደከሙበት ሥራ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ በሽታ 350,000 ያህል ሴቶች ሞተዋል፤ እጅግ የሚበዙትም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። በአገራችንም ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዐይነቶች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ድንገተኛ አይደለም። ሂውማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ከገባ በኋላ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ የተገኘ ምልክት ካንሰር ከመሆኑ በፊት ሊታከም ይችላል።

ምርመራው ውድ መሆን እንደማይገባው በሕንድ አገር ታይቷል። በሙምባይ ከተማ 150,000 ያህል ሴቶች በተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ በተገለጸው ጥናት፣ አሥረኛ ክፍል ያህል የተማሩና ለዚሁ የሠለጠኑ ሴቶች የማሕፀንን በር በቀጭን አቼቶ እየቀቡ መረመሩ፤ የታመመው ክፍል ይነጣልና። በተመረመሩት ዘንድ በዚህ በሽታ የሚሞተው ቁጥር በ31 በመቶ ቀነሰ። ይህ ግን የሠለጠነ ሰው ሥራ እንጂ በቤት የሚሞከር አይደለም። በአገራችንም በጤና ተቋሞች ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች በዚሁ ዘዴ ሲሠራበት ቆይቷል።

ሆኖም ዐይን ከዐይን ይለያል። የማሕፀንን በር አጉልቶ የሚያሳየው ኮልፖስኮፕ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በብዙ ሺሕ ዶላር የሚገዛ ነው። ስለዚህ በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ኒሚ ራማኑጃም መሪነት ተማሪዎች በእጅ የምትያዝ ትንሽ ካሜራ ሠሩ። ከጋና የመጣችው የዶክትሬት ተማሪ መርሲ አሲዱም እ.ኤ.አ. በ2017 ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ብዙ ሴቶች የሚፈሩትን የብረት መክፈቻ ሳያስፈልግ ምስሉን የምታሳይ ካላስኮፕ የተባለች መሣሪያ አቀረበች። ተማሪዎቹ ፍርሃትንም እንደ አንድ ወጪ ቈጥረው ሒሳብ ውስጥ ማግባታቸው እጅግ የሚመሰገን ነው።

እንግዲህ ተማሪው ዋጋውን አወረደ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የእኛ የነጋዴዎች ነው። እኔ በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ ኢንቮይስ አልፎልኛል፤ ርካሽ ዕቃ አንዲት መለዋወጫ ታጥታ መጋዘን ውስጥ ሲቀር አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያመጣ አስመጪ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን አምፖሉን፣ ገመዱንና ጠጋኙን አብሮ ይዘዝ። ነጋዴ ያለ ትርፍ አይኖርም፣ በኪሣራ ይነግድም አንልም። ነገር ግን በጥቂት ዕቃ ላይ ብዙ ከማትረፍ ይልቅ በብዙ ዕቃ ላይ ጥቂት ማትረፍ የጥንት ነጋዴዎች ብልሃት ነው፤ ገዢውም ተመልሶ ይመጣል።

ላኪዎችም ድርሻ አላቸው። የአገራችንን ቡና ለቅመው ለገበያ የሚያበቁት በብዛት ሴቶች ናቸው። የቀን ደመወዝ ተቈርጦባት ለምርመራ የምትሄድ ለቃሚ ጥቂት ናት፤ ስለዚህ ምርመራው በነጻ ቢሆን እንኳ ለእርሷ ነጻ አይደለም። ዕድሜዋ የደረሰ ሠራተኛ ሁሉ ደመወዟ ሳይነካ ግማሽ ቀን ብትፈቀድላት ለድርጅቱ የሚከብድ ወጪ አይሆንም። ባለ ሱቁም ለሚስቱ፣ ለእኅቱና ለሻጯ ይህንኑ ያድርግ።

የአንድ ዕቃ ርካሽነት የሚለካው በሠሪው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚዋ እጅ ሲደርስ ነው። ተማሪዎቹ የቀነሱትን ዋጋ እኛ በመንገድ ላይ መልሰን እንዳንጨምረው የንግዱ ማኅበር እንዲያስብበት በአክብሮት እናሳስባለን።