ሕግ ያስገደደው፣ ገበያ ያልተቀበለው ገንዘብ፦ የኤል ሳልቫዶር ተሞክሮ

ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2021 ቢትኮይንን ከአሜሪካ ዶላር ጎን ሕጋዊ የመገበያያ ገንዘብ በማድረግ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ከስምንት ቀናት በኋላ፣ የነጻነት 200ኛ ዓመት በዋለበት በሴፕቴምበር 15፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቃዋሚዎች በሳን ሳልቫዶር አደባባይ ወጡ፤ መንግሥት ካቆማቸው የቢትኮይን መመንዘሪያ ማሽኖች አንዱም ተቃጠለ። ተቃውሞውን ለቴክኖሎጂ ባዕድ የሆነ ሕዝብ ፍርሃት አድርገው የተረጎሙት ጥቂት አይደሉም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ትርጓሜው የተሳሳተ ነው፤ ሕዝቡ የተቃወመው ቴክኖሎጂውን ሳይሆን ግዴታውን ነበር።

የሕጉ አንቀጽ 7 ማንኛውም ነጋዴ ቢትኮይን ሲቀርብለት እንዲቀበል ያስገድድ ነበር። አገሪቱ ከ2001 ጀምሮ በዶላር የምትገበያይ በመሆኗ፣ ዜጎች በገንዘባቸው ዋጋ መርጋት ላይ የተመሠረተ ልማድ ነበራቸው። ቢትኮይን በአንጻሩ በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ተጠግቶ፣ ከዓመት በኋላ ወደ 16,000 ዶላር አካባቢ ወርዷል። መንግሥት የተቀበሉትን ቢትኮይን ወዲያው ወደ ዶላር ለሚመነዝሩ ሰዎች ዋስትና እንዲሆን 150 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። ይሁን እንጂ ዋስትናው ስጋቱን ከነጋዴው ወደ ግብር ከፋዩ አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

የአወጣጡ ሂደትም ቅሬታውን አባብሷል። ፕሬዚዳንት ናዪብ ቡኬሌ ዕቅዱን ይፋ ያደረጉት በማያሚ ለተሰበሰበ የቢትኮይን ጉባኤ ነበር፤ ምክር ቤቱም በቀናት ውስጥ ከ84 ድምፅ በ62 አጸደቀው። በአገሪቱ የሆሴ ሲሜዮን ካኛስ ዩኒቨርሲቲ ሕጉ ከመጀመሩ በፊት ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከተጠየቁት ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት አልተስማሙም።

ከሰልፉ ይልቅ የሚናገረው ግን ዝምታው ነው። መንግሥት «ቺቮ» የተባለውን ዲጂታል ቦርሳ ለሚያወርድ ሁሉ 30 ዶላር ሰጠ። አልቫሬዝ፣ አርጀንቴና ቫን ፓተን በ1,800 ቤተሰቦች ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ ካወረዱት የሚበዙት ስጦታውን ካጠፉ በኋላ ቦርሳውን መጠቀም አቁመዋል። ከአገራዊ ምርቱ ከመቶ 20 በላይ የሚሆነውን ሐዋላ ርካሽ ያደርጋል የተባለው ተስፋም እውን አልሆነም፤ በ2022 እና በ2023 በዲጂታል ቦርሳ የገባው ሐዋላ ከመቶ 2 አልዘለለም።

ሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ቡኬሌ በ2024 ከመቶ 80 በላይ ድምፅ አግኝተው መመረጣቸው ነው። ሆኖም ምርጫው በዋናነት በወሮበሎች ላይ ለተወሰደው እርምጃ የተሰጠ ምላሽ ነበር፤ መሪን መውደድ ሕጎቹን ሁሉ መቀበል አይደለም። ሁለተኛው፣ የቢትኮይን ዋጋ ኋላ ላይ አሻቅቦ የመንግሥትን ክምችት ማትረፉ ነው። ይህም ቢትኮይን ጥሩ መዋዕለ ንዋይ ሊሆን እንደሚችል ያሳይ ይሆናል እንጂ ገንዘብ መሆኑን አያረጋግጥም። እንዲያውም ዋጋው ይጨምራል ተብሎ የሚጠበቅን ነገር ለዳቦ መግዣ የሚያወጣ የለም።

በጃንዋሪ 2025 ምክር ቤቱ ግዴታውን አንሥቶ መቀበልን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ አደረገ። ለውጡ የመጣው ግን ለሕዝቡ ድምፅ ምላሽ ሆኖ አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ለ1.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ካቀረባቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ስለነበረ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ዜጎች በሰልፍም ባለመጠቀምም የተናገሩትን፣ አበዳሪ በአንድ ስምምነት አስፈጸመው። ከዲጂታል ገንዘብ ጋር የተያያዙ ፖሊሲዎችን የምንመረምር ሁሉ ቀድመን ልንጠይቅ የሚገባውም ከዚህ ይነሣል፦ ስጋቱን የሚሸከመው ማን ነው? እምቢ የማለት መብትስ አለውን?