ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ሁሉ ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም

ክሬን ወይም የውሃ ፓምፕ የተገጠመለት የጭነት መኪና ሊገዙ ከወጡ ደላላው መጀመሪያ የሚያሳይዎት ቁመናውን ነው፡፡ ከኋላ ራቅ አድርጎ ያስቆምዎትና “ይኸው ጋሼ፣ ቀጥ ብሏል! የተንጋደደ ነገር ይታይዎታል?” ይላል፡፡ ገዥም ያያል፣ እውነትም ቀጥ ብሏል፣ ወደ ዋጋው ክርክር ይገባል፡፡ ይህ ጸሐፊ ግን መጠየቅ ያለበት ቀጥ ማለቱ ራሱ ነው ባይ ነው፡፡ በምን ቀና?

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሠራው እኩል ተበትኖ ለሚጫን ዕቃ ነው፡፡ እኛ ደግሞ ሻንሲው ላይ ጄኔሬተር፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ ወይም ክሬን እናስርበታለን፡፡ እነዚህ ዕቃዎች ሞተራቸው ወይም ፓምፓቸው ባንድ ጎን ስለሚሆን ክብደታቸው መሃል ላይ አያርፍም፡፡ ለምሳሌ 2,000 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የክብደቱ ማዕከል ከመኪናው መሃል 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሸሸ እንበል፤ ጭነቱም ሁሉ ኋለኛው አክስል ላይ ዐርፏል፡፡ በቀኝና በግራ ጎማዎች መካከል 2 ሜትር ቢኖር የቀኙ 1,200፣ የግራው 800 ኪሎ ይሸከማሉ፡፡ ባሌስትራዎቹ ግን ከጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው የተቀመጡ ናቸው፡፡ በመካከላቸው 1 ሜትር ብቻ ካለ የቀኙ ባሌስትራ 1,400 ኪሎ፣ የግራው 600 ኪሎ ይደርሰዋል፡፡ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው፤ መኪናው የሚያነክሰውም ለዚህ ነው፡፡

ጋራዥ ሲገባ የታወቀው መድኃኒት “አንድ ሁለት ባሌስትራ ይጨመርበት” የሚለው ነው፡፡ (ባሌስትራን ከነስሙ ከጣሊያን ወርሰን ከኤንትሬ ዘመን ጀምሮ ለችግር ሁሉ መፍትሔ አድርገነዋል፡፡) ይጨመራል፣ መኪናው ይቃናል፣ ቀለም ይቀባል፣ ለሽያጭ ይቀርባል፡፡ የተቃናው ግን ሻንሲው እንጂ ጭነቱ አይደለም፡፡ የቀኙ ጎማ ዛሬም 1,200 ኪሎውን እንደተሸከመ ነው፡፡ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ቀድሞ የሚቆለፈው የቀለለው የግራው ነው፡፡ ዕቃው የውሃ ታንከር ከሆነ ደግሞ ባዶውን ሲመለስ የጠነከረው የቀኝ ባሌስትራ ከፍ ስለሚል መኪናው ወደ ግራ ይዘምማል፡፡ ባሌስትራ መጨመር የአክስሉን፣ የጎማውንና የፍሬኑን አቅም አንድ ኪሎ እንኳ ከፍ አያደርገውም፡፡ የመኪናው የመጫን ልክ የሚወሰነው ከእነዚህ መካከል በደካማው ነው፡፡

የፊትና የኋላውም እንዲሁ ይታሰባል፡፡ በፊትና በኋላ አክስል መካከል 4 ሜትር ያለው መኪና 1,200 ኪሎ የሚመዝን ክሬን ከፊት አክስሉ 80 ሳንቲ ሜትር ኋላ ቢገጠምለት 960 ኪሎው የሚያርፈው ፊት ላይ ነው፡፡ ስፖንዳው ባዶ ነው ብሎ የሚጽናና ገዥ ይህን ያስብ፡፡

ትክክለኛው አካሄድ መጀመሪያ ክብደቱን ማዘዋወር ነው፡፡ ባትሪው፣ ተቀያሪ ጎማውና የመፍቻ ሣጥኑ ወደ ቀለለው ጎን ይሂዱ፡፡ የነዳጅ ጋኑም ይረዳል፤ 200 ሊትር ናፍጣ ወደ 170 ኪሎ ይመዝናል፤ ግን መንገድ ላይ የሚያልቅ ነገር ነውና አይተማመኑበት፡፡ ከዚያ በኋላ የቀረውን ዝማሜ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ወፍራም ብረት አስገብቶ፣ ረዘም ባለ ብሎን አስሮ ማቃናት ይቻላል፤ ይህ ቢያንስ የባሌስትራውን ጥንካሬ አይለውጥም፡፡ ባሌስትራ መቀየር የመጨረሻው ነው፡፡

ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፣ የገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አይጠፋም፡፡ አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ነበር፡፡ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ካላወቀ ገዥው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህና መኪና ያለው ሻጭ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው፡፡ የኛም ገበያ ይኸው ነው፡፡ ገንዘብ አውጥቶ ዕቃውን በአግባቡ ያስገጠመና ባሌስትራ አስደርቦ ቀለም የቀባ እኩል ዋጋ ከተጠራላቸው ነገ በአግባቡ የሚያስገጥም ማን ነው? ያላዋቂ ገዥ ኪሳራ በጎማና በፍሬን ብቻም አያበቃም፤ ጋቢና ውስጥ ሹፌርና ረዳት አሉ፡፡

የመንገድ ሚዛን ጣቢያ ይህን አይነግረንም፡፡ እሱ የሚጠይቀው የአክስልን ክብደት ነው፤ የተቋቋመው አስፋልቱን ለመጠበቅ ነውና፡፡ ገዥ ግን መሬቱ ከሚዛኑ ጋር እኩል በሆነበት ቦታ አንዱን ጎን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥቶ፣ ቀጥሎ ሌላውን ጎን ማስመዘን ይችላል፡፡ የሚዛኑን ክፍያ ሻጩ ይቻል እላለሁ፤ እምቢ ካለ የአንድ ዙር ጎማና የአዲስ ገጠማ ወጪ ከዋጋው ይቀነስ፡፡ ደላሎች ገበያ ይቀዘቅዛል ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ፡፡

ሲመዘን የክሬኑ ክንድ በመንገድ በሚሄድበት አኳኋን ይታጠፍ፡፡ ታንከር ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ በባዶው፣ አንድ ጊዜ ሞልቶ ይመዘን፡፡