የወረዳዎች የቪዲዮ ስብሰባ እንዲሰምር የመስመር ስፋት ብቻውን አይበቃም

በዋግ ኽምራ ከኒሯቅ የሚነሳ የመንግሥት ሠራተኛ ለአንድ ቀን ስብሰባ ወደ ሰቆጣ፣ አልፎም ወደ ባሕር ዳር ሲጓዝ የሥራ ቀናት ይባክናሉ፣ ውሎ አበል ይወጣል፣ ባለጉዳይም ይጉላላል። እንደሚታወቀው በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር አማካይነት የተጀመረው ወረዳ ኔት ወረዳዎችን በቪዲዮ ኮንፈረንስና በኢንተርኔት በማገናኘት ይህንን ችግር ለማቃለል የታለመ ነበር።

በወቅቱ ፋይበር ያልደረሰባቸው ወረዳዎች የተገናኙት በሳተላይት ሲሆን፣ የኔትወርኩ ማዕከል አዲስ አበባ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚላክ ድምፅና ምስል በቅድሚያ ወደ ማዕከሉ ይደርሳል፤ ከዚያም ዳግም በሳተላይት ይላካል። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚገኝ አንዱ ጉዞ ሩብ ሴኮንድ፣ ሁለቱ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃሉ። ጥያቄ ያቀረበ ተሰብሳቢ መልሱን ለመስማት አንድ ሴኮንድ ያህል ይጠብቃል ማለት ነው።

ፋይበር ሲዘረጋ የሳተላይቱ መዘግየት ቢወገድም የዙሪያ ጉዞው በሌላ መልክ ሊቀጥል ይችላል። ለዚህም ምክንያቱ ተነሊንግ የሚባለው አሠራር ነው። በብሮድባንድ አገልግሎት የደንበኛው መረጃ በሌላ ፖስታ ተሸፍኖ፣ የደንበኛውን ማንነት አረጋግጦ ወደ ኢንተርኔት እስከሚያሳልፈው ሰርቨር ድረስ ይጓዛል። በመንገድ ያሉ መሣሪያዎች የሚያነቡት የውጭውን አድራሻ ብቻ ነው። ከኒሯቅ ለሰቆጣ የተጻፈ ደብዳቤ በታሸገ ከረጢት አዲስ አበባ ደርሶ፣ እዚያ ተከፍቶ ወደ ሰቆጣ እንደሚመለስ ያህል ነው።

ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በቪዲዮ ነው። ሠላሳ መሥሪያ ቤቶች ባለ 2 ሜጋ ቢት የስብሰባ ምስል በየግል መስመራቸው ቢከታተሉ፣ ዋናው መስመር ሠላሳ ቅጂ፣ ማለትም 60 ሜጋ ቢት በሴኮንድ ይሸከማል። በአንጻሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ሲሰራጭ አንዱ ስርጭት ለሁሉም ይዳረስ ነበር። የቪዲዮ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰርቨር ሰቆጣ ላይ ቢተከል እንኳ፣ ከረጢቱ እንደታሸገ በአጠገቡ ካለፈ ጥቅም አይሰጥም።

እርግጥ ነው፣ ከረጢቱን በማዕከል መክፈት ለቁጥጥር፣ ለሒሳብ አያያዝና ለጥገና ያመቻል። በየአካባቢው መክፈት መሣሪያ፣ አስተማማኝ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል። ሆኖም ወጪው ከመስመር ኪራይና ከሚባክነው የሥራ ጊዜ ጋር ተነጻጽሮ መታየት ይኖርበታል።

በመሆኑም የመስመር ግዥ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች "ፍጥነቱ ስንት ነው?" ከሚለው ጥያቄ ባሻገር ሁለት ነጥቦችን በውላቸው ሊያካትቱ ይገባል። እነርሱም ግንኙነቱ በየትኛው ከተማ ከሽፋኑ እንደሚወጣና የቪዲዮው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ ናቸው። መስመሩ ቢሰፋም መንገዱ ካላጠረ የኒሯቁ ሠራተኛ ስብሰባውን በቢሮው ሆኖ መከታተል ያዳግተዋል።