ቁልፍ የያዘ እጅና ፍሪሲዮን የሚረግጥ እግር

በአዲስ አበባ ዳገት ላይ መኪናውን የሚያቆም ሰው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ማርሽ ያስገባል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ ቁልፉን የሚያዞረው ሰው አስቀድሞ ፍሪሲዮኑን ይረግጣልና።

ዛሬ ግን በአሮጌ መኪና ላይ አላርምና ሞተሩን ከሩቅ በሪሞት የሚያስነሣ መሣሪያ ማስገጠም ተወዷል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ከሌባ መጠበቅ አስተዋይነት ስለሆነ አላርሙን አንነቅፍም።

የምንነቅፈው ሌላውን ነው። ሪሞት እግር የለውም፤ ፍሪሲዮን አይረግጥም። ማርሽ ገብቶ በቆመ መኪና ላይ ሞተሪኖው ቢዞር መኪናው ይዘላል፤ በፊቱም ሕፃን ሊቆም ይችላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሳሉ ሞተሪኖው እንዳይዞር የሚያግድ ስዊች አላቸው። በብዙዎቹ አሮጌ ባለፍሪሲዮን መኪኖች ላይ ግን ይህ የለም።

እኛም ለማስገጠም ሄደን ነበር። ባለሙያው ሽቦውን ሲቀጥል፣ «ማርሹ መውጣቱን መሣሪያው በምን ያውቃል?» ብለን ብንጠይቀው፣ «እናንተ አትርሱ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። እኛ ግን መርሳታችንን ስለምናውቅ አላርሙን ብቻ አስገጥመን ተመለስን።

ወጣት ጓደኞቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ እንመክራለን። የአላርሙ ሽቦዎች በሚገባ ተያይዘው በፊውዝ ይጠበቁ። ከሩቅ ማስነሻው ግን ማርሹ መውጣቱንና የእጅ ፍሬኑ መሳቡን የሚያረጋግጡ ስዊቾች አብረውት ካልተገጠሙ ይቅር። በጧት ሞተር ለማሞቅ የምናተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ይጫወታል።