በረቡዕ ጠዋት የሚታደል በጋ

በሰሜን ምሥራቅ ሚኔሶታ፣ የካናዳን ድንበር ተከትሎ፣ ባውንደሪ ዋተርስ የሚባል ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ የሆነ የደንና የሐይቅ አገር አለ። ሐይቆቹ ከ1,100 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹ ላይ ሞተር አይፈቀድም። ሰው ታንኳውን ይቀዝፋል፤ ውሃው ሲያልቅበት ገልብጦ ትከሻው ላይ ይሸከመውና በቀጭን የጫካ መንገድ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራል። የሚያድረው ከተመደቡት 2,000 ገደማ የድንኳን ቦታዎች በአንዱ ነው። በየቦታው አንድ የብረት ምድጃና ግድግዳ የሌለው መጸዳጃ ተተክሏል፤ ሌላ ነገር የለም። መሬቱ የሕዝብ ነው። በ1964 የወጣው ሕግ በዱርነቱ እንዲኖር አድርጎታል፤ የ1978ቱ ደግሞ ጥበቃውን አጥብቆለታል።

ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 እዚያ ለማደር በየመግቢያው በኮታ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኮታው ጋር ጠብ የለኝም። ድንኳን የበዛበት መሬት አፈሩ ይታጠባል፤ የዛፉ ሥር ይራቆታል፤ የማገዶ ፍለጋው ወደ ቁም ዛፍ ይዞራል። የምቃወመው አስተዳደሉን ነው። የበጋው ፈቃድ ሁሉ በጃንዋሪ የመጨረሻ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በኢንተርኔት ይከፈታል። ተፈላጊዎቹ መግቢያዎች የጁላይና የኦገስት ቀናቸው በፍጥነት ያልቃል። ይህም «ቀድሞ ለመጣ» ይባላል፤ ፍትሐዊ ነው ተብሎም ይታመናል።

የመጣ ሰው ግን የለም። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ የቻለ፣ የጁላይ ዕረፍቱን በጃንዋሪ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ነው ያለው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሚኖረውን የኛን ሰው አስቡት። በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊቱን አድሮ በዚያች ሰዓት የሚተኛው፣ ወይም መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየጫነ ስልኩን ሎከር ውስጥ የቆለፈው፣ የሥራ ፕሮግራሙ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የጁላይ ቅዳሜውን በጃንዋሪ ከየት ያመጣዋል? ጣና ዳር ያደገ ሰው ከታንኳና ከውሃ ጋር ባዳ አይደለም። ፈቃዱን ለመያዝና ለማደር የሚከፈለው ገንዘብም የሚያስቀረው አይደለም። የሚያስቀረው ጊዜውን አስቀድሞ ማዘዝ አለመቻሉ ነው። በየጫካው መኪና ማቆሚያ የኛን ፊት የማያገኙ ሰዎች «አይወዱትም» ሲሉ ስሰማ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ያለ ሞተር የሚደረግ የቀን ጉብኝት አልተከለከለም፤ ፈቃዱም በኮታ አይገደብም ይሉናል። እውነት ነው። ግን ከሚኒያፖሊስ መግቢያዎቹ አጠገብ እስካለችው ኢሊ ከተማ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። አራት ሄዶ፣ አራት ተመልሶ፣ በመሃል የሚቀረው ጊዜ ከመጀመሪያው ሐይቅ አያሳልፍም።

የተሰረዘ ፈቃድ ተመልሶ ለሕዝብ ይከፈታል የሚልም መልስ አለ። እሱን የሚያገኘው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ስልኩን መነካካት የሚችለው፣ ያው የጃንዋሪው ሰው ነው። ቦታ ይዞ ሳይሰርዝ የሚቀር ሰው ሲኖር ደግሞ ያ ቀን ለማንም ሳይሆን ይባክናል።

ጫካው ውስጥ ያለው ደንብ ከበሩ ይሻላል። ፈቃዱ የሚወስነው የምትገባበትን ቀንና መግቢያ ብቻ ነው፤ የድንኳን ቦታ ግን በስም አይያዝም። ከሰዓት በኋላ ክንድህ ዝሎ ስትደርስ ሌላ ሰው ድንኳኑን ተክሎ ካገኘኸው ወደሚቀጥለው ትቀዝፋለህ። ያናድዳል፤ ግን ቀድሞህ የደረሰው ሰው በእርግጥ ቀዝፎ፣ ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ ነው የቀደመህ። «ቀድሞ የመጣ» የሚለው ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ከሩቅ ክፍለ ሀገር የሚመጣ ቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬቱን አስቀድሞ መቁረጥ እንዳለበት አውቃለሁ። ለእሱ አብዛኛው ኮታ በጃንዋሪ ይከፈትለት። የቀረው ግን ይጠበቅ። ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ከዱር ፈቃዱ 60 በመቶውን ከወራት በፊት ሰጥቶ 40 በመቶውን ከመግቢያው ቀን 7 ቀን በፊት ይለቃል፤ ስለዚህ አይቻልም የሚለኝ ሰው የለም። ሚኔሶታ ውስጥ በ2022 ኮታው ከተቀነሰ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የሚዘገይ አይደለም። ኬኩ ባነሰ ቁጥር ቢላውን የያዘው ሰው ጉዳይ ይከብዳል። የሚቀጥለው የጃንዋሪ ረቡዕ ከመድረሱ በፊት ከእያንዳንዱ መግቢያ የተወሰነ ፈቃድ ይነሳና፣ የሥራ ፕሮግራሙን ገና ትናንት ለተቀበለችው አስታማሚ ይቆያት።